ጠይም ጡንቻና ብርሃን

ባሕር ዳር ውስጥ ክብደት የሚያነሱ ወጣቶች ፎቶ ለመነሳት ወደ እኔ ሲመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ቀደም ሲል የተነሱትን ያሳዩኛል። በዓመታት ልፋት የተገነባው ደረትና ትከሻ በፎቶው ላይ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል፤ አለዚያም መብራት ተጨምሮበት ከመጠን በላይ ከመንጣቱ የተነሳ ግራጫ መስሎ ተንጣሏል። ሁለቱም ጉድለቶች ከአንድ አስተሳሰብ የሚመነጩ ይመስለኛል፤ ይኸውም “ጠይም ሰው ሲነሳ መብራት ይብዛ” የሚለው በየፎቶ ቤቱ የሚነገረው ምክር ነው። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። የጠይምና የጥቁር ገላ ጡንቻ የሚፈልገው የመብራት ብዛት ሳይሆን የመብራት ቦታ ነው። ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው ሰሞኑን እዚሁ ከተማ አንድ የሰውነት ግንባታ አሠልጣኝ ሳነሳ የተጠቀምኩበትን አሠራር ከነምክንያቱ ለማስረዳት ነው።

ከቆዳው ልጀምር። ብርሃን ሰውነት ላይ ሲያርፍ በሁለት መንገድ ይመለሳል። አንደኛው ወደ ቆዳው ዘልቆ፣ ውስጥ ለውስጥ ተበትኖ፣ የቆዳውን ቀለም ይዞ በየአቅጣጫው የሚወጣው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ሳይገባ ከላይኛው ገጽ ላይ ነጥሮ የሚመለሰው፣ ወዝ የምንለው ነው። ነጣ ባለ ቆዳ ላይ የመጀመሪያው እጅግ ስለሚበዛ ወዙ በውስጡ ይዋጣል፤ በዚህም ምክንያት የጡንቻው ቅርፅ የሚለየው በዋናነት በጥላው ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ዘልቆ ከገባው ብርሃን አብዛኛውን ሜላኒን የተባለው የቆዳ ማጥቆሪያ ቀለም ስለሚያስቀረው ወዙ ነጥሮ ይወጣል፤ ቅርፁን የሚስለውም እሱ ነው። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ጥቁር ጀበናን ልብ ብሎ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የጀበናው ሆድ ክብ መሆኑን የሚነግረን ጥቁረቱ ሳይሆን በጎኑ ላይ ያረፈው የመስኮቱ ነጭ መስመር ነው። መስመሩ ከሌለ ክቡም የለም፤ መብራት በዝቶ ጀበናው በሙሉ ቢነጣ ደግሞ መስመሩ ከሌላው ሳይለይ ይቀራል።

ወዝ የሚገዛው በአንድ ሕግ ብቻ ነው፤ ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው “ስንት መብራት አለኝ?” ብሎ ሳይሆን “ካሜራው ካለበት ቦታ ሲታይ ይህ ትከሻ የሚያንጸባርቀው ምንን ነው?” ብሎ ነው። ፍላሹ ካሜራው ላይ ተሰክቶ ከሆነ ወዙ የሚታየው ቆዳው ፊት ለፊት ወደ ካሜራው በሚዞርባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በደረቱ መሃል፣ በግንባሩና በአፍንጫው ላይ ብቻ ነው፤ ጡንቻ ከጡንቻ የሚለይባቸው ስንጥቆችና ጠርዞች በሙሉ ይጠፋሉ። መብራቱ ወደ ጎን፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ወዙ ወደ ጠርዞቹ ይሸሻል፤ ቅርፁም ብቅ ይላል።

የሰውነት ግንባታ ሰዎች ራሳቸው ይህን ከፎቶ አንሺዎች ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ተወዳዳሪዎች መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሰውነታቸውን ጥቁር ቡናማ ቀለም የሚቀቡት፣ በላዩም ዘይት የሚያክሉበት፣ ኃይለኛው የመድረክ መብራት ጡንቻቸውን አጥቦ እንዳያጠፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን በሚገኘው ሮያል አልበርት ሆል ታላቁን የሰውነት ግንባታ ውድድር ያዘጋጀው ዩጂን ሳንዶ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርግ ነበር፤ በትርዒቶቹ ላይ የእብነ በረድ ሐውልት ለመምሰል ገላውን ነጭ ዱቄት ይቀባ ነበር። ዱቄት ወዝን ይገድላል፤ ዱቄት የተቀባ ገላ ቅርፁን የሚያወጣው በጥላ ብቻ ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ብዙዎቹ የመብራት ትምህርቶችም መነሻቸው ያው ነጣ ያለ ገላ ነው። የእኛ ልጆች ሌላው ቀለም ተቀብቶ የሚያገኘውን ነገር ከተፈጥሮ ይዘውት ስለመጡ፣ ትምህርቱን እንዳለ ወስደን ብንሠራበት ጸጋውን እናባክነዋለን።

አሠልጣኙ ጠቆር ያለ ጠይም፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት ነው። ፎቶውን የፈለገው በሚያሠለጥንበት ጂም ግድግዳ ላይ ለመስቀልና አዳዲስ ሠልጣኞችን ለመሳብ ነበር፤ ስለዚህ ከሰውነቱ ጋር ፊቱም ሊታይና ሰው ሊያምነው ይገባ ነበር። የተነሳነው እዚያው ጂም ውስጥ፣ ሠልጣኞች ከወጡ በኋላ ነው። ጂም ለፎቶ የሚያስቸግረው በመስታወቱ ነው። ግድግዳው ግማሹ መስታወት በመሆኑ ፍላሽ በተተኮሰ ቁጥር ያላሰቡት ብርሃን ከሌላ አቅጣጫ ተመልሶ ይመጣና ጥቁር ሆኖ መቅረት ያለበትን ጎን ይሞላዋል። እኔ ከገበያ የገዛሁት ጥቁር ከፋይ አለኝ፤ መስታወቱን በእሱ ሸፈንኩት፣ የተረፈውንም ከጀርባው ሰቀልኩት። ከፋይ ከሌላው ጥቁር ጨርቅ የሚሻለው ብርሃንን ስለሚውጥ ነው፤ ተራ ጥቁር ጨርቅ ፍላሽ ሲያርፍበት ግራጫ ይሆናል፣ ጭራሹንም እጥፋቱ ይታያል።

ከዚያ የጣሪያውን መብራት በሙሉ አጠፋሁ። ፍሎረሰንት በቆዳ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይጥላል፤ በተጨማሪም የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ እንዲህ ያለው መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ በፈጣን ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ እጅግ ሲያጥር) ሲነሳ በፎቶው ላይ ጥቁር ሽንትር ሊያስቀር ይችላል። ሹተሩን 1/160 ሴኮንድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸሩንም (የሌንሱን ቀዳዳ) 8 ላይ ሳደርገው የክፍሉ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ የሚታየው እኔ ያስቀመጥኩት ብርሃን ብቻ ይሆናል። ፍላሾቼ በባትሪ የሚሠሩ መሆናቸውም ጠቅሞኛል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም።

ዋናዎቹ መብራቶች ሁለት ስትሪፕ ቦክሶች፣ ማለትም ፊታቸው በጨርቅ የተሸፈነ ረጃጅምና ጠባብ የመብራት ሳጥኖች ነበሩ፤ ስፋታቸው 30፣ ቁመታቸው 120 ሴንቲ ሜትር ነው። በአሠልጣኙ ግራና ቀኝ፣ ከትከሻው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አቁሜ ወደ እሱ አዞርኳቸው፤ ብርሃናቸው ወደ ሌንሱ እንዳይፈስም የጨርቅ መረባቸውን አለበስኳቸው። ቅርፅን የሚጽፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው ትንሽ ሶፍትቦክስ (ብርሃንን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) ከፊት ለፊቱ፣ ከራሱ በላይ ከፍ ብሎ፣ ከጎኖቹ መብራቶች በሁለት ስቶፕ ያነሰ ኃይል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው) ይዞ ተቀመጠ፤ ሥራውም ፊቱንና ደረቱን ከጨለማው ጥቂት ማውጣት ነው።

ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ማሳያ አምፖሎቹ ሲበሩ፣ ካሜራውን ከመንካቴ በፊት ሰውየውን በዝግታ እንዲዞር አደርገዋለሁ። አሠልጣኙ ክንዱን አጥፎ ቀስ እያለ ሲዞር የስትሪፕ ቦክሱ ነጭ መስመር ከአንገቱ ሥር ተነስቶ በትከሻው ጫፍ ላይ ወጣ፤ ትከሻው ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ተቆረጠ፣ ከታች ባይሴፕሱ ላይ እንደገና ተጀመረ። ጥቂት ሲጨምር መስመሩ ሰፍቶ ትከሻውን በሙሉ ሸፈነው፣ ስንጥቁም ጠፋ። ጥቂት ሲመለስ ደግሞ ቀጠነና ስንጥቁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በክንዱ ላይ የሚሄደው ደም ሥርም በአንድ ጎኑ ነጭ፣ በሌላው ጎኑ ጥቁር ሆኖ ታየ። “እዚያው ጋ ቁም” አልኩት። በዚያ ቦታና ከዚያ በጥቂት ዲግሪ ፈቀቅ ባለው ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ለሰውየው አይሰማውም፤ በፎቶው ላይ ግን የሁለት ዓመት ልምምድ ያህል ልዩነት ያመጣል።

“ጋሼ፣ ከፊት ትንሽ መብራት አይጨመርም? ሆዴ እንዳይጨልም” አለኝ። ሁሉም ይህን ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የሆድ ጡንቻ የሚታየው በመካከሉ ባሉት አግድም ስንጥቆች ስለሆነ፣ ብርሃኑ ከላይ ወደ ታች እየታከከ ካልወረደበት አይለይም። ከፊት ቀጥታ የሚመጣ መብራት ቢጨመርበት ስንጥቆቹ ይሞላሉና ሲክስ ፓኩ ይጠፋል። ስለዚህ ኃይሉን ሳልነካ የፊቱን መብራት በስታንዱ ላይ ሽቅብ ከፍ አድርጌ ቁልቁል አዘነበልኩት። በካሜራው ስክሪን ላይ ሳሳየው ዝም ብሎ ብዙ ካየ በኋላ “ይኼ የኔ ነው?” አለ።

የመብራት ርቀትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ ፎቶ አንሺ ሁሉ ያውቃል። አንድ ሜትር ላይ ያለ መብራት ከቅርቡ ትከሻ ወደ ግማሽ ሜትር አልፎ ወዳለው ትከሻ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ኃይሉን ያጣል፤ ሁለት ሜትር ላይ ቢሆን ግን የሚያጣው ሲሶ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሕግ በትክክል የሚሠራው ግን ዘልቆ በሚወጣው ብርሃን ላይ ነው። ወዝ የመብራቱ ምስል ስለሆነ፣ ሶፍትቦክስ ሲርቅ ምስሉ ይጠባል እንጂ ድምቀቱ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ መብራቱን ሳርቀው ቆዳው ይጨልማል፣ ወዙ ግን እንደ ደመቀ ይቀራል፤ መብራቱን ሳቀርበው ቆዳው ይፈካል፣ ወዙም ሰፍቶ ይለሰልሳል። ቆፍጣና፣ የድንጋይ ጥርበት ያለው ፎቶ ሲፈለግ ስትሪፕ ቦክሱን ወደ ሁለት ሜትር አርቃለሁ፤ ለስለስ ያለ ሲፈለግ ወደ አንድ ሜትር አቀርበዋለሁ። ጠይም ገላ በዚህ መንገድ የሚሰጠው የምርጫ ስፋት ነጣ ባለ ገላ ላይ አይገኝም።

ልኬቱ ላይ ካሜራው እንዳያታልል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ጥቁር ሰው በጥቁር ከፋይ ፊት ሲቆም “ጨልሟል” ብሎ ያነጣዋል። በእጅ ማስተካከልና ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማ በግራ፣ ብርሃኑን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ ማየት ይሻላል፤ የማየውም አብዛኛው ክምር ወደ ግራ መሄዱን ሳይሆን፣ በቀኝ ጫፍ ወዙ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት አለመሆኑን ነው። የወዝ መስመር ውስጥ የቆዳው ቀዳዳና ጥቃቅን መስመር መታየት አለበት፤ ካልታየ ኃይሉን ሲሶ ስቶፕ እቀንሳለሁ።

ቅባትን በተመለከተ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ብዙዎቹ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ተለቅልቀው ይመጣሉ። ቫዝሊን ቆዳው ላይ ወፍሮ ስለሚቀመጥ የቆዳውን ልስላሴና ስንጥቅ ሸፍኖ ሰውየውን ፕላስቲክ ያስመስለዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ይንጠባጠባል፣ ከፋዩንም የሥልጠና ወንበሩንም ያበላሻል። እኔ የምመርጠው በየቤታችን ያለውን ግሊሰሪን ነው። በውሃ ቀጥኖ በመርጫ ጠርሙስ ሲነፋ በቀጭኑ ይዳረሳል፤ በላብ መልክ ፍንጥርጥር እንዲል ከተፈለገም ጠብታው ቶሎ ስለማይደርቅ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። መጀመሪያ በደረቅ ገላ ጥቂት ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ በስሱ እንቀባለን፣ ጠብታውን ለመጨረሻ እናቆየዋለን፤ ወደ ኋላ መመለስ ስለማይቻል ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ፊት ላይ ግን አናስነካም። ግንባርና አፍንጫ ሳይቀቡም ይወዛሉ፤ በተለይ ለሰው መተዋወቂያ የሚሆን ፎቶ ከሆነ ፊቱን በሶፍት አደርቀዋለሁ።

ከመብራቱ በላይ የሚያሳስበኝ ሰውየው እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ ነው። “ቆዳዬ ከጡንቻዬ ጋር እንዲጣበቅ” ብለው ከፎቶው በፊት ውሃ የሚያቆሙ ልጆች አሉ። ይህ ለልብና ለኩላሊት አደገኛ ነው፤ የሽንት ማብዣ መድኃኒት ሲጨመርበት ሰው ሊገድል ይችላል። ለፎቶውም ቢሆን አይጠቅምም። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን በጡንቻ ውስጥ የሚያከማቸው ከውሃ ጋር ስለሆነ፣ የተጠማ ጡንቻ ጎድጉዶ ይታያል እንጂ አይሞላም። ውሃ ሳይጠጣ የመጣን ሰው አላነሳም፤ ቀጠሮውን አዛውራለሁ። በጾም ወራትም እንዲሁ ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሽሮ፣ በምስር፣ በባቄላና በሽምብራ ይዘው ልምምዳቸውን የማያቋርጡ ብርቱ ልጆች እዚህ ከተማ አሉ፤ ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላን ሰው ጠዋት አቁሞ ጡንቻህን አሳየኝ ማለት ተገቢ ስላልሆነ፣ ቀጠሯቸውን ከበሉ በኋላ ወደ ማታው አደርጋለሁ።

ከመነሳቱ በፊት ጡንቻውን ደም እንዲሞላው ቀላል ክብደት በብዛት እንዲያነሳ ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ ጂም ውስጥ ፓምፕ የሚሉት ነው። ሙላቱ ብዙ ስለማይቆይ መብራቱና ካሜራው አስቀድመው ዝግጁ መሆን አለባቸው፤ ለዚህም ረዳቴን በአሠልጣኙ ቦታ አቁሜ ሁሉንም ካስተካከልኩ በኋላ ነው ዳምቤሉን እንዲያነሳ የምነግረው። በየፖዙ መካከልም ደጋግሞ ያነሳል። ፖዝ መያዝ ከሚታሰበው በላይ ያደክማል፤ ትንፋሹን ይዞ የሚወጥር ሰው አንገቱ ይገተራል፣ ፊቱም የሚያሳዝን ይሆናል። “ተንፍስ፣ አስወጣው፣ አሁን ወጥር” እያልኩ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል እተኩሳለሁ፤ ሆዱም በዚያው ቅጽበት ነው ተሰብስቦ የሚታየው።

ሌንሱን በተመለከተ አጭር ልበል። ከቅርብ የሚያነሳ ሰፊ ሌንስ ወደ ፊት የቀረበውን ሁሉ ያገዝፋል፤ በስልክ የተነሳ ሙሉ ቁመት ውስጥ እግር አጥሮ ራስ የሚተልቀው በዚህ ምክንያት ነው። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ መጠኑን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሙሉ ቁመት ለማንሳት 5 ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የጂሙ ክፍል ይህን ስለማይፈቅድ ለሙሉ ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ የሚበቃውን 50 ሚሊ ሜትር ተጠቀምኩ፤ ከወገብ በላይ ላለው ወደ 85 ተመለስኩ። የካሜራው ከፍታ እምብርት አካባቢ ሲሆን ጭኑና ደረቱ ሚዛናቸውን ይይዛሉ፤ በዓይን ከፍታ ከተነሳ እግሩ ያጥራል።

የውድድር ፖዞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ብርሃን አላቸው። ፊት ለፊት ሁለቱን ክንዶች አጥፎ መቆም ሁለቱን ስትሪፕ ቦክሶች እኩል ይፈልጋል። በጎን ቆሞ ደረት ማሳየት ግን አንዱን ብቻ፣ ያውም ከኋላው በኩል ያለውን ይፈልጋል፤ ሌላውን አጥፍቼ በቦታው ጥቁር ጨርቅ አቆማለሁ። ከሁሉም የሚከብደው ጀርባ ነው። ጀርባ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ከጎን የሚመጣው ብርሃን መሃሉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ ስለዚህ የፊቱን መብራት በቀጥታ ከራሱ በላይ አምጥቼ ቁልቁል አወርደዋለሁ፣ የጀርባ አጥንቱ ስርጉድና የሁለቱ ክንፎች ጠርዝ ያን ጊዜ አብረው ይወጣሉ። ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ፎቶ የጀርባ ፎቶ ነው፤ ሰውየው ራሱን ከጀርባው አይቶ ስለማያውቅ ልፋቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በፎቶው ነው።

ፊትን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሳ። የዘጌን ደብሮች፣ በተለይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ሰው የግድግዳ ሥዕሎቹን ያስታውሳል፤ በቆየው የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሳላሉ። ዓይናችን በዚህ የታነጸ ነውና ለግድግዳ የሚሰቀል ፎቶ ላይ በጎን ብቻ የታየ ፊት ብዙዎችን፣ ይበልጡንም እናቶችን፣ ደስ አያሰኝም። ስለዚህ ሰውነቱ በጎን ቢቆምም ፊቱን ወደ ካሜራው አስመልሳለሁ፤ ሁለቱም ዓይኖች የሦስተኛውን መብራት ነጥብ እንዲይዙ አገጩን ጥቂት ከፍ አስደርጋለሁ።

በሌላ ቀን ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣን፤ አሠልጣኙ ከጂሙ ውጭም መነሳት ፈልጎ ነበር። ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ከተማ ናት ብል አላጋነንኩም። ከተማዋ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነች፣ ሰው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ሲቆም ካሜራው ወደ ሰሜን ያያል፤ የማለዳ ፀሐይ ከካሜራው በስተቀኝ፣ የማታዋ በስተግራ ትሆናለች። ጡንቻ የሚፈልገው የጎን ብርሃን ሳይለፉበት ይገኛል ማለት ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትወጣ ብርሃኗ ጥቂት ከፊት ይመጣል፣ ሰውነቱም ለስለስ ይላል፤ በግንቦት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ስለምትወጣ ከትከሻው ኋላ ትመጣና ጠርዙን ታበራዋለች። ከሁለቱ እኔ ግንቦትን እመርጣለሁ። እኩለ ቀን ግን በምንም ወር አይሆንም። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ እዚህ አናት ላይ ትቆማለች፤ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል፣ የሚበራው የትከሻና የራስ አናት ብቻ ነው።

እዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ በሰዓት 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል ጥሩው ጊዜ አጭር ነው። ገና ብቅ ስትል ብርሃኗ አግድም ስለሆነ የሆድ ስንጥቆችን አያወጣም፤ የሁለተኛው ሰዓት ብርሃን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለው፣ ከጎንም ከላይም ስለሚመጣ ለሰውነት ይሻላል። ውሃው ዳር ጠርዝ ላይ መቆም ደግሞ ጉዳት አለው። ዝቅ ያለች ፀሐይ ውሃው ላይ አርፋ ሽቅብ ስለምትመለስ፣ ከታች የሚመጣው ብርሃን ከደረት ሥርና ከሆድ ስንጥቅ ጥላውን ያጠፋዋል። ከውሃው ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ ሣሩ ላይ መቆም ይበቃል። ሐይቁን ሰማያዊ ለማድረግ ብለው ሌንሳቸው ላይ ፖላራይዘር የሚባል ማጣሪያ መስታወት የሚያስሩ አሉ፤ ያ መስታወት የውሃውን ጨረር ሲያጠፋ የገላውንም ወዝ አብሮ ስለሚያጠፋ ለዚህ ሥራ አውጥቶ ማስቀመጥ ነው።

በስተጀርባችን ዳር የወጡ የደንገል ታንኳዎች ነበሩ፤ የደረቀው ደንገል ገለባማ ቀለም ከጠይም ገላ ጋር እጅግ ይስማማል። ታንኳ ላይ ቆሞ መነሳት የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ለመቅዘፊያ እንጂ ለመቆሚያ ያልተሠራና የሰው እንጀራ የሆነ ዕቃ ስለሆነ ባለቤቱን ሳላስፈቅድ አጠገቡም አላቆምም። ሰው በሚያልፍበት ቦታ ስለሆንን ልብሱን የሚያወልቀው ሁሉ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ እንዳበቃንም ወዲያው ይለብሳል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ሶፍትቦክስ ስለሚጥል ማታ ስንነሳ በእጅ ከሚያዝ ሪፍሌክተር ሌላ አልጠቀምም፤ እሱንም በጥቁር ገጹ፣ ብርሃን ለመመለስ ሳይሆን ለመዋጥ።

ኤዲቲንግ ላይ የምሠራው ጥቂት ነው። የብጉር ምልክትና ልብስ ቆዳው ላይ የተወውን ሰንበር አጠፋለሁ፤ ወገብ አላጠብም፣ ክንድ አላወፍርም። አሠልጣኙም ሆዱ ላይ ጥቂት እንዳሰምርለት ጠይቆኝ ነበር፤ ሠልጣኞቹ በየቀኑ አጠገቡ እየቆሙ እንደሚያዩት ስነግረው ተስማማ። የጥቁር ቆዳን ቀይ ቃና መጠበቅ ግን ትልቁ ሥራ ነው፤ ኮንትራስት ሲጨመር ቡናማው ወደ ብርቱካናማ፣ ጥላው ወደ ሰማያዊ ስለሚሸሽ የቀለም ሙሌቱን አብሬ ዝቅ አደርጋለሁ።

ለጂሙ ግድግዳ በጎን ደረቱን ያሳየበትን መረጠ፤ መጠኑ 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ፎቶ በዚህ መጠን ሲታተም በኢንች 170 ያህል ነጥብ ስለሚደርሰው ከሁለት ሜትር ለሚያየው ሰው ጥርት ያለ ነው። ወረቀቱን ያስመረጥኩት ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ወረቀት የጣሪያውን ፍሎረሰንት ከነርዝመቱ ፎቶው ላይ ያሳርፈዋል፣ ያም ከገላው ወዝ ጋር ይደባለቃል። ማት ወረቀት ጥቁሩን ያን ያህል ጥልቅ አድርጎ ስለማይዝና በጥላው ውስጥ ያለውን ዝርዝር ስለሚውጥ፣ ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት የጥላውን ክፍል ጥቂት ከፍ አድርጌ፣ መጀመሪያ ትከሻውንና ሆዱን ብቻ በአነስተኛ ቁራጭ አሳትሜ፣ ጂሙ ግድግዳ ላይ ይዤ አየሁት፤ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ሙሉው እንዲታተም አዘዝኩ።